የተዘፈነበት ሰው ወንበር

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ዘፈን አዳማጭ ነበርኩ» እላለሁ። ይስቃሉ። አንዳንዱማ «እሱንስ እኛም በነፃ እናዳምጣለን» ይለኛል። ይበል! እኔ ጡረታ የወጣሁበት ሥራ ግን ይኸው ነው። አሶሳ ውስጥ፣ ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን በተቋቋመ የኪነት ቡድን፣ ዘፈን መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግጥሙን እሰማለሁ፤ ሰው የሚያዋርድ ቃል ካለበት እመልሳለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። ወጥም አይሆንልኝም፣ ባለቤቴ ይመስክር።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። በቀደም ከገበያ ስመለስ ዘፈን ከፍቶ ነበር፣ በየሠርጉ የሚጮኸውን አዲሱን። ዘፋኙ ሴትን ልጅ እንደ በግ እያገላበጠ ዋጋ ያወጣላታል፤ ከዚያ ደግሞ ስም ይለጥፍባታል። እኔ ሽንኩርቴን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ድምፁን ቀነሰው።

«ለምን ቀነስከው?» አልኩት።

«አይ፣ እርስዎ ተቀምጠው...» አለና አንገቱን አከከ።

«እኔ ባልኖር ትለቀው ነበር?»

«ያው ዘፈን አይደል እንዴ፣ እናቴ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ይህ ሰው ሳያውቀው የጋሽ በየነን ሥራ ሠራ። ጋሽ በየነ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሶሳ የገባሁት ታይፒስት ሆኜ ነው። የወለጋ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ጫልቱ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመራ ስለነበር ዜማ የወረስኩት ከእሱ ነው፣ ቁጣዬን ደግሞ ከእናቴ። ያኔ ክልሉ አዲስ ነው፤ ቢሮ ሲገኝ ወንበር የለም፣ ወንበር ሲመጣ ቁልፍ ይጠፋል። ደሞዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ይህ ይበቃል። ግን ደስ ይል ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣው፣ እኛ የወለጋዎቹ፣ ሁላችንም በአንድ ግቢ አንድ መድረክ እናዘጋጃለን። በየቋንቋችን እየተማማን በአማርኛ እንታረቃለን።

የግጥም ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በየነ ነበር። የድባጤ ሽናሻ ነው፤ ዕድሜውን በመምህርነት የፈጀ፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በተቆላ ለውዝ የተሞላ። ለውዙ የሥራ መሣሪያው ነበር። አንድ ዘፋኝ ግጥሙን ይዞ ሲገባ ጋሽ በየነ እጁን ኪሱ ከከተተ አበቃ፤ ግጥሙ ተመልሷል ማለት ነው። «ተከልክሏል» የምትለዋን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ለውዙን እየፈለፈለ «እስቲ ይቺን ስንኝ አብረን እንያት» ይላል። ዘፋኞቹም እርስ በርሳቸው «ዛሬ ለውዝ በላሁ» ይባባሉ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ግጥም እንድተይብለት ተላክሁ። ሁለቱን ስንኝ እያንጎራጎርኩ ስተይብ ሰማኝ። «አንቺ ጆሮ አለሽ» አለኝ። «ታይፑን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።» እንዲህ ሆኜ ቀረሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ የሚሠራበት የለም። ዘፈን ሦስት ጊዜ ይሰማል። መጀመሪያ ዜማው ብቻ፣ ዓይን ተጨፍኖ። ሁለተኛ ግጥሙ ብቻ፤ እሱን ጋሽ በየነ ያለ ዜማ፣ ጮክ ብሎ፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ እንደሚነበብ ያነበዋል። «ዜማ እንደ በርበሬ ነው» ይል ነበር፣ «የተበላሸ ሥጋ ይሸፍናል።» እውነቱን ነው! ስንቱን ስንወዛወዝበት የኖርነውን ዘፈን እንደ ደብዳቤ ሲያነበው አፍሬ መሬት መሬት አይቻለሁ።

ሦስተኛው መስማት ግን ወንበሩ ነው። ቢሮው ጥግ ላይ አንድ እጀታው የተሰበረ የእንጨት ወንበር ነበረች። ጋሽ በየነ ግጥሙን ከጨረሰ በኋላ «ስለ ማን ነው የተዘፈነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ተሸካሚ ከሆነ ከገበያ ተሸካሚ ይጠራል። ስለ ሽማግሌ ከሆነ ዘበኛውን ያስገባል። እሱን ወንበሯ ላይ ያስቀምጥና ዘፋኙን «በል፣ ዓይኑን እያየህ ዝፈን» ይለዋል። በቃ ይኸው ነው። «በኛ አገር ሽማግሌ ፊት፣ የተወቀሰ ሰው በሌለበት ነገር አይሰማም» ይል ነበር። «ዘፈንም ነገር ነው።»

ዘሪሁን የሚባል የአማርኛ ዘፋኝ ነበረን። በአሥር ዓመቱ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ከአሶሳ ዙሪያ አምባዎች ባንዱ ያደገ፣ ድምፁ ማር፣ ምላሱ እሳት። አንድ ጊዜ ሴት ልጅ ያለ ዱላ ልብ አትገዛም የሚል ስንኝ ያለበት ዘፈን አመጣ። ጋሽ በየነ ኮሪደር ወጥቶ የጽዳት ሠራተኛችንን ወይዘሮ ዝናሽን ጠራት። መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ ተቀመጠች። ዘሪሁን በድፍረት ጀመረ። ዱላው ጋ ሲደርስ ድምፁ እንደ ውሃ ጠብታ ቀጠነና ቆመ።

«ቀጥላ ልጄ» አለችው ዝናሽ፣ መጥረጊያዋን ቀና አድርጋ። «በየትኛው ዱላ ነው?»

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ዘሪሁን ራሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። በማግስቱ ዱላው ወጥቶ ሴቲቱ ስትናፍቀው የሚያሳይ ስንኝ ገባ፤ ያ ዘፈን እስከ ዛሬ በአሶሳ ሠርግ ይዘፈናል። «ሳንሱር ቀርቷል ተብሏል፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?» የሚሉን ነበሩ። እኛ ማንንም አላሰርንም፣ የማንንም ካሴት አልሰበርንም። ወንበር ነው ያቀረብነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እሱ ከሌለ ይህ ጽሑፍ ምንም አይደለም።

በቡድናችን ውስጥ የበርታ ዙምባራ ነፊዎች ነበሩ። ዙምባራ ከቀርከሃ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ያወጣል። ረጅሙንና ወፍራም ድምፅ ያለውን የሚነፋው አልሐሰን ነበር፤ ከሆሞሻ መንገድ ካለ መንደር የሚመጣ ገበሬ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ አማርኛን ጎልምሶ የተማረ። ጧት ጧት ኮሪደራችን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ልምምድ ይጠብቃል። «ሰላም ያ ኡኽቲ» ይለኛል ሳልፍ፣ «እህቴ» ማለቱ ነው። ለቤቴ ባምያ ያመጣልኝ ነበር።

ጋሽ በየነ እህቱ ሞታ ለለቅሶ ድባጤ ሄደ። በዚያው ሳምንት ትልቅ የክልል በዓል ነበረና የቢሮው ኃላፊ በየሰዓቱ «አለቀ? አለቀ?» ይለኛል። ዘሪሁን አዲስ ዘፈን አመጣ። ፍቅር ነው። የወደዳት ልጅ ቀይ መሆኗን ሲያደንቅ፣ እንደ እነዚያ አይደለችም ብሎ አንድ ቃል ይጠራል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። በባርነቱ ዘመን የቆላውን ጥቁር ሰው የሚጠሩበት ቃል ነው፤ አሶሳ ውስጥ የማያውቀው የለም።

እኔስ ምን አልኩ? ስሙኝ። እኛ ቤት ቃሉ የተለመደ ነበር። እናቴ ጥቁሩን ጥጃችንን የምትጠራው በእሱ ነበር። «ሁሉም ካሴት ላይ አለ» አለኝ ዘሪሁን። «እኔ ማንንም አልሰደብኩም፣ የወደድኳትን አሞገስኩ እንጂ።» እኔም እንደ ደብዳቤ አነበብኩት፤ ቃሉ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ልብ በሉ፣ ዝቅ አደረግሁ! ለምን? በሩ ክፍት ነበረ፣ አልሐሰን ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ። ወንበሯ ባዶ ናት። ልጥራው አልኩና አፈርኩ። ቢቀየምስ? ጊዜውም የለም። ወረቀቱ ላይ «ይለፍ» ብዬ ፈረምኩ።

ብጠራው እንደሚቀየም ካወቅሁ፣ ያው አወቅሁ ማለት ነው። ይህን ለራሴ ለመንገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

የበዓሉ ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘሪሁን ሲወጣ ጭብጨባው አይጣል ነው። ዙምባራ ነፊዎቹ ተራቸው ቀጥሎ ስለነበር ከኋላው ተሰልፈው ቆመዋል፣ በሕዝብ ፊት። ቃሉ ሲመጣ ከሜዳው ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ዝም አለ፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከፊት የተቀመጡት የበርታ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን አዩ እንጂ ቀና አላሉም። አልሐሰን ዙምባራውን ቀስ አድርጎ መድረኩ ላይ አጋደመው። ማንንም ሳያይ በደረጃው ወርዶ በሕዝቡ መሃል አልፎ ሄደ።

ከዚያ ዙምባራው ተጀመረ። እሱ መግባት ያለበት ቦታ ሲደርስ ባዶ። ዞሮ ሲመጣ ባዶ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ማልቀስ ለማን ይጠቅማል!

ከቢሮው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ እሱ ምንም አልመሰለኝም። የከበደኝ የጋሽ በየነ መመለስ ነው። ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ኪሱ ከተተ። ለውዝ አወጣና ፊቴ አስቀመጠ። እንጀራዬ እንዳበቃ ገባኝ።

«አልሐሰን ያኔ የት ነበር?» አለኝ።

«ኮሪደር ላይ።»

«ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አለ፣ አንድ ለውዝ ፈለፈለ። «ከዚህ እስከ መንደሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ደግሞ ሄደሽ ትቆጥሪዋለሽ።» በሰደበኝ ምነው ብዬ ተመኘሁ።

ሄድኩ። አልሐሰን ከማሽላው ማሳ ወጥቶ ተቀበለኝ። ሚስቱ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረበችልኝ፤ እሱ በእጄ ላይ ውሃ አፈሰሰልኝ። እንዲህ ተከብሬ መዋረዴ ነው የገደለኝ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አልኩት። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠ።

«ቃል አይደለም፣ ያ ኡኽቲ» አለኝ በኋላ። «ያ ቃል እኔ ልጅ ሆኖ ብዙ ሰምቷል። ገበያ ሰምቷል፣ መኪና ላይ ሰምቷል። ዘሪሁን አያውቅም ይሆናል፣ ልጅ ነው። አንቺ ግን ያውቃል። እኔ በር ላይ ነበረ። ወንበር ባዶ ነበረ። ለተሸካሚ ተጠራ፣ ለዘበኛ ተጠራ። እኔ ለምን አልተጠራም?»

ጊዜ አልነበረም ልበል? «አፍሬ ነው» አልኩ።

«እ» አለ። «እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ሰማ።»

«ትመለሳለህ?»

«ልብ ሲመጣ እመጣለሁ። አሁን ልብ ማሳ ውስጥ ነው።» እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ባምያ ግን አልሰጠኝም።

ክረምቱ አለፈ፣ አልመጣም። ኃላፊው «ሌላ ሰው ተኩ፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ዙምባራ ነፊዎቹ እምቢ አሉ። የሰው ዙምባራ ባለቤቱ በእጁ ካልሰጠ አይነፋም፤ ሕጋቸው ነው። ስለዚህ እንደ ጎደለ መንፋት ቀጠሉ። ባምባሲ ሄደን፣ ጎደለ። ፓዌ ሄደን፣ ጎደለ። ባምባሲ ላይ አንዲት አሮጊት መድረኩ ሥር መጥተው «ልጆቼ፣ አንዱ ሞተባችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኔ የአልሐሰንን ዙምባራ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ አቧራውን እጠርጋለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ዘሪሁን ግን ያኮረፈው በአልሐሰን ነበር። «በአንድ ቃል መድረክ ጥሎ ይወጣል? እኔ የሰደብኩት ሰው የለም!» እያለ ይንገበገባል። ጋሽ በየነ ሰምቶ ለውዙን ይፈለፍል ነበር። አንድ ጧት ከባምባሲ በኩል የተላከ የሠርግ ካሴት መጣ፤ ዘፋኙ በቀጣዩ ዝግጅት ልሳተፍ ብሎ ጠይቋል። ጋሽ በየነ አንዴ ሰማው፣ ሁለቴ ሰማው። ከዚያ «ዘሪሁንን ጥሩልኝ» አለ። መጣ። «ተቀመጥ» አለው፣ ወንበሯን እያሳየ።

«እኔ? ስለ ዘፋኝ ነው እንዴ?»

«ተቀመጥና ስማ።»

ካሴቱ ስለ ሰፋሪዎች ነበር። ደስ የሚል ዜማ ነው፣ እግር ያነቃንቃል። ረሃብ በመኪና ጭኖ ያራገፋቸው፣ ቅማላቸውን ይዘው የመጡ፣ ለማኝ እያለ ይቀልዳል። ዘሪሁን መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ሰው ያየዋላ። መኪናዋ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። እጁ የወንበሯን የተሰበረ እጀታ ይፈልጋል። ጋሽ በየነ ካሴቱን አቆመው።

«እናቴ የሞተችው እዚያ መኪና ላይ ነው» አለ ዘሪሁን። «ከደረስን በኋላ ነው ያወቅነው። ተኝታለች ብለን ነበር።»

ጋሽ በየነ ለውዝ አላወጣም። ተነስቶ ሄዶ ዘሪሁንን ትከሻውን ያዘው። «ይሄ ሰው እናትህን አያውቅም» አለው። «የሰደብኩት ሰው የለም ይላል እሱም።» ዘሪሁን እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ። ያን ቀን ከቢሮ ወጥቶ ቀጥታ የሆሞሻን መንገድ ያዘ። እዚያ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አልሐሰን ቢሮው በር ላይ ቆመ። ጋሽ በየነ «ባለቤቱ መጣ፣ ወንበር!» ብሎ ጮኸ። አልሐሰን ገብቶ ተቀመጠ። ዘሪሁን ፊቱ ቆሞ፣ ዓይኑን እያየ፣ ያንኑ ዜማ በአዲስ ግጥም ዘፈነ፦

ጥቁር ናት ቢሉኝ፣ አዎን ብያለሁ፣
ዝናብ ያረገዘ ደመና አይቻለሁ።

ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። አልሐሰን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን ደመና ይሄዳል። ገበሬ ደመና ሲሄድ ይናደዳል። አይሄድም በል።»

ጋሽ በየነ በሳቅ ፈነዳ። «ሰማህ? ይሄ ነው አርታኢ!» ዘሪሁን እዚያው ቆሞ «የእኔ ደመና አገሯን አትለቅም» የሚል ስንኝ አከለበት። እኔ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ዙምባራውን አውጥቼ ነጠላውን ፈትቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ወደ እኔ ግን አላየም።

ዜማው ሞላ። ሕዝቡ ሲሰማ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ አሶሳ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔና የአልሐሰን ግን እንደ ጎደለ ቀረ። ሰላምታ አልነፈገኝም፣ ነውር ያውቃል። ጋሽ በየነ ሲጠራው ገብቶ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል። ጋሽ በየነ ጡረታ ወጥቶ ክፍሉን እኔ ስይዝ ግን፣ «ግባ አልሐሰን፣ እስቲ ይህን ዘፈን ስማልኝ» ስለው በሩ ላይ ይቆማል። «እዚህ ይበቃል» ይላል። ከበሩ ሰምቶ፣ ፍርዱን ሰጥቶ ይሄዳል። ያ ኡኽቲ የሚለኝም ቀረ፤ «ወይዘሮ ጫልቱ» ሆንኩ።

እኔም በሥራዬ ካስኩ፣ ካሳ ከተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳላስቀምጥ ያሳለፍኩት አንድም ዘፈን የለም። አንካሳ ላይ የቀለደ ሲመጣ አንካሳ ጠርቻለሁ፤ ያ ሰውዬ ደግሞ ከዘፋኙ የባሰ ቀልድ ጨመረበትና «ይሄን ካስገባህ ይለፍ» አለ። አንድ ጉብል የጉሙዝ ሴቶችን የነካ ስንኝ ይዞ ቢመጣ ሁለት ጉሙዝ እናቶች አስቀመጥኩለት፤ ግጥሙን ትቶ ጭፈራቸውን ተምሮ ሄደ። በኋላ ክፉው ዘመን መጥቶ ድባጤ ላይ ሰው በማንነቱ ሲገደል ጋሽ በየነ ቀድሞ አርፎ ነበር። ይህን ባለማየቱ ተመስገን አልኩ። ሰው ሰው ላይ እጁን ከማንሳቱ በፊት ሰም የለበሰ ስድብ ሲያዜም እንደሚከርም እሱ ያውቅ ነበር። በዚያ ጊዜ ቡድናችን አልተበተነም። አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሬዲዮ ሰማን፣ አብረን አለቀስን፣ በማግስቱ ልምምድ ገባን።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ዘፈን በኢንተርኔት ይለቀቃል፣ እኔ ጋ የሚያመጣው የለም። መጨረሻ ላይ ሥራዬ ፋይል መደርደር ሆኖ ነበር። ወንበሯን አዲሱ ሕንፃ ስንገባ ሊጥሏት ነበር፤ ተጣልቼ አስቀረኋት።

የተሰናበትኩ ቀን አዳራሽ ጠሩኝ። ስገባ ወንበሯ መሃል ላይ ተቀምጣለች፣ ብቻዋን። ዘሪሁን፣ አሁን ራሰ በራ ሆኗል፣ «እትዬ ጫልቱ፣ ዛሬ የተዘፈነው ስለ እርስዎ ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። ዓይኔን እያየ ዘፈነ። ቁጣዬን ዘፈነው፣ ወጤን ዘፈነው፤ ባለቤቴ ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ዜማውን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ወንድሟን ያልጠራች» አለ።

አልሐሰን ከነፊዎቹ መሃል ቆሟል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ፊቴ ጋለ። ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ መስማት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

«እትዬ» አለኝ ዘሪሁን፣ «እናውጣት? ወይስ ትለፍ?»

«ትለፍ» አልኩ። «እውነት ናት። አንድ ቃል እንዳትነኩ።»

አልሐሰን ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ረጅሙን ዙምባራውን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋልኝ። «ያ ኡኽቲ» አለኝ፣ «እኔ አሁን ትንፋሽ አለቀ። አንቺ ንፋ።»

ነፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም ተዉ አላሉም፤ ባለቤቱ በእጁ ሰጥቷላ። «ኧረ አልችልም» ብል ማን ይሰማኛል! ዜማውን ጀመሩ። እኔ ዙምባራውን አፌ ላይ ደቅኜ ተራዬ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ እጠብቃለሁ። አልሐሰን ከኋላዬ ቆሞ ቦታው ሲደርስ ትከሻዬን መታ ያደርገኛል። ነፋሁ። የአህያ ድምፅ ወጣ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ዞሮ መጣ፣ ትከሻዬን መታኝ፣ ነፋሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጥሩ ነው፣ አልጎደለም» አለኝ።